ዘይት ነበረው ወይስ አልነበረውም

ጥር 9 ቀን

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ ማለቴ ነው። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔ ግን እናቴ ከሞተች ወዲህ አንዲት ጠብታ አልወጣኝም። አንጀቴን ምን እንደነካው አላውቅም።

ቀብሯ ላይ ስላለመገኘቴ አልጽፍም። የምጽፍልዎ ስለ መኪናው ነው። እዚህ ሆኜ የሰማሁትን ልደርድረውና ስህተት ካለ ያርሙኝ። ኅዳር 14 ቀን፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ እናቴ ደረቴን ያዘኝ አለች። ወንድሜ በዚያ አሮጌ ፒክአፕ ጭኗት ወደ ሆስፒታል ወጣ። ዳገቱ መሀል ላይ ሞተሩ ጮኸና ድርቅ ብሎ ቆመ። ሌላ መኪና እስኪያገኙ አርባ ደቂቃ ሄደ። ሆስፒታሉ በር ሲደርሱ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። ሐኪሙ “ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን” ብሏል አሉኝ። ለምን እንዲህ ያለ ነገር እንደሚናገሩ አይገባኝም።

ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፤ ሞተሩ ዘይት አልነበረውም፣ ልጁ መኪና መንዳት እንጂ መኪና መያዝ አያውቅም። እሱ ደግሞ የዚያን ቀን ጠዋት አይቼዋለሁ፣ ሙሉ ነበር ብሎ ይምላል። ከሁለት አንዱ ነው።

አጎቴ፣ ሞተር ሲከፈት አይዋሽም ሲሉ ሰምቼዎታለሁ። እባክዎ ያውርዱትና ይክፈቱልኝ። ዘይት ነበረው ወይስ አልነበረውም? ከዚያ በኋላ ይጠገንና ይመለስለት፤ መተዳደሪያው ነው። ስልክ ብደውል ጆሮዎ እንደማይሰማ አውቃለሁ። ለእሱ ደግሞ ከታኅሣሥ ወዲህ አልደወልኩም።

ከዚህ የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 2 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። እኔ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር ሙሉ ጤነኛ ነኝ። ወረቀቱ ላይ የምታዪያት ጥቁር ነገር ማኅተም እንዳትመስልሽ፤ አውራ ጣቴ ናት። በሳሙናም በናፍጣም ታጥቤ ነው የጻፍኩት፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የገባ ጥቁረት በአንድ ቀን አይለቅም።

መኪናውን በገመድ አስጎትተን ጋራዥ አስገባነው። የጎተተን የውሃ ቦቴ ነው፤ ሾፌሩ መንገዱን ሁሉ ሲሰድበን መጣ፤ እኔ ስለማልሰማ ፈገግ እያልኩ እጄን አውለበልብለት ነበር። ወንድምሽ ነው በኋላ የነገረኝ።

ሞተሩን ለማውረድ አራት ቀን ፈጀብን። የጭስ ማውጫው ብሎን ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል፤ ዘይት አጠጣነው፣ በእሳት ለመንነው፣ በመጨረሻ አንገቱን ቆረጥነው። ወንድምሽ ሽቦዎቹን ሲፈታ እያንዳንዱ ላይ የጨርቅ ቅዳጅ ያስራል፤ ቀዩ ከቀዩ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሳስተምረው የኖርኩትን ሠራተኛ ሁሉ ያሳፍራል። ከዚያ ከጣራው ብረት ላይ የሰንሰለት ማንሻውን ሰቅለን ጎተትን። ብረቱ ሲጎብጥ አየሁና “ጣራው ከመጣብን ሁለታችንንም ባንድ ወጪ ይቀብሩናል” አልኩት። አልሳቀም።

በየቀኑ ከእኔ ቀድሞ ጋራዥ በር ላይ ይቆማል። ምሳ ሲመጣ ግማሹን ይተወዋል። ሲያወራ የምሰማው በከንፈሩ ነው፤ አሁን ከንፈሩም ብዙ አይንቀሳቀስም። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚለት አይደለም፤ ያየሁትን ነው።

ኮፓውን፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለችውን የዘይት ሳህን፣ ነገ እናወርዳታለን። ያገኘሁትን እጽፍልሻለሁ። ሞተር ሲከፈት አይዋሽም ያልኩት እውነቴን ነው።

ምን ልላክ ላልሽው፣ የማንበቢያ መነጽር ከቻልሽ፤ ቁጥሩ ሁለት ተኩል። አሁን ብሎን የማየው በጣቴ ነው።

ክፉ አይንካሽ።

አጎትሽ፣ ሰፈሩ “ሐኪሙ” የሚለኝ


የካቲት 21 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ነገ ያሉት ነገ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው፤ ምናልባት መልሱ መንገድ ላይ ይሆናል ብዬ እየጠበቅሁ ነው።

መነጽሩን ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። ቁጥሩ ሁለት ተኩል ነው።

ስለ እኔ ይጠይቁኛል እንጂ ሥራዬን ነግሬዎት አላውቅም። የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነኝ። ትልቁ አንሶላ ብቻውን አይታጠፍም፤ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይወጥረዋል፣ ከዚያ እየተጠጋን እጃችን ይገናኛል፣ አንዷ ትቀበላለች፣ ሌላዋ የሚቀጥለውን ታነሣለች። በቀን ሦስት መቶ ጊዜ ያህል ወደ አንዲት ሴት እሄዳለሁ። ስለ እናቴ አልነገርኳትም። ስሄድባት ፊቴን ታያለች፤ ምንም እንዳላገኘችበት ከዓይኗ አያለሁ።

የኮፓውን ነገር እባክዎ አይርሱ።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 3 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

መነጽሩ ደረሰኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ከሚገባው በላይ አጥርቶ ያሳያል።

የምሥራች አለኝ። መኪናው ቆሞ ከሚውል ብዬ ሌላ ሞተር ፈልጌ አገኘሁ። የተገለበጠ ፒክአፕ ነው፤ አካሉ እንደተረገጠ ቆርቆሮ ሆኗል፣ ሞተሩ ግን አልተነካም። ሻጩ “ይሄ ሞተር እኮ ሙሽራ ነው” አለኝ። ሙሽራዋ ስንት ጊዜ እንዳገባች አልነገረኝም። መያዣ እግሮቹ ከእኛ መኪና ጋር አልገጥም ስላሉ አንዱን ቆርጬ በየድኩት፤ የራዲያተሩን ቱቦ አሳጠርኩ፤ ወንድምሽ ሽቦዎቹን በጨርቆቹ ቀለም እየተከተለ መለሳቸው። በሦስተኛው ቁልፍ ተነሳ። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረና አቁሞት ወረደ። መሪውን ለእኔ ሊሰጠኝ ፈለገ፤ እምቢ አልኩት። በማግሥቱ ሲሚንቶ ጭኖ ሄደ።

ወንድምሽ ያንን ዳገት ግን አይወጣም። በሌላ በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው፤ ግማሽ ሰዓት ይጨምርበታል።

አሮጌው ሞተር ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። ሞተር እንደ ሰው ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ምክንያት አያጣም። ያለፈውን መቆፈር እናትሽን አይመልሳትም። እኔም እህቴን ነው ያጣሁት፤ ነፍስ ሳላውቅ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ራስሽን ጠብቂ። ምግብ ብዪ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 18 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ራዲያተር ቱቦ አለ፣ ስለ ሙሽራ አለ፣ ስለ ጨርቅ ቀለም አለ። ስለ ዘይት አንድ ቃል የለም።

እኔ ሞተር አምጡልኝ አላልኩም። ዘይት ነበረው ወይስ አልነበረውም ነው ያልኩት። መልሱ አንድ ቃል ነው፤ መነጽር እንኳ አያስፈልገውም።

ለምን እንደምጠይቅ ልንገርዎ። በታኅሣሥ ለወንድሜ ጽፌለታለሁ። “እናታችንን የገደልካት አንተ ነህ” ብዬ ነው የጻፍኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩበትም። አልመለሰልኝም። ዘይት ካልነበረው የጻፍኩት ጽሑፍ እንዳለ ይቆያል፣ እኔም ወንድም የለኝም። ዘይት ከነበረው ያደረግሁትን አውቄ የምሆነውን እሆናለሁ። አሁን ግን በሁለቱ መሀል ቆሜ ነው የምሠራው፣ የምበላው። አምስት ወር አለፈው።

ደብቀውኝ ከሆነ ለእሱ አዝነው ይሆናል። አይዘኑለት። ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 11 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ነበረው።

አምስት ሊትር ተኩል። ጎድሎ አልተገኘም። ወንድምሽ አልዋሸሽም።

ይህን የካቲት 3 ቀን ነው ያወቅሁት፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በላክሁልሽ ማግሥት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መጻፍ የፈራሁት ለዚህ ነው። ዘይት ነበረው ብልሽ ቀጥሎ የምትጠይቂኝን አውቃለሁ። ታዲያ ሞተሩን ምን ገደለው ትይኛለሽ። እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። እናትሽ በእኔ እንዴት ትቀልድ እንደነበር ታውቂያለሽ። እንግዳ በመጣ ቁጥር “ሐኪሙ ወንድሜ ያከመው ሁሉ ያንጠባጥባል” ትል ነበር። እውነትም ያ መኪና ከኮፓው ጠርዝ ያንጠባጥብ ነበር፤ የግቢዋ ሲሚንቶ ላይ ካርቶን ታነጥፍለት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ መጣሁና ኮፓውን አውርጄ ላሽገው ተነሳሁ። ትክክለኛው አሠራር የወረቀት ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያ፣ በልኩ ቆርጦ መሀል ማስገባት ነው። ሲሊኮን የሚሉት ማጣበቂያ ከተጨመረም እንደ ክር በቀጭኑ ነው። ወረቀት አልያዝኩም ነበር። ጋራዥ ድረስ ላለመመለስ ሲሊኮኑን ብቻ፣ በአውራ ጣቴ ስፋት፣ ቱቦው እስኪያልቅ ዙሪያውን ለቀለቅሁት። ለሠራተኞቼ እንዳታደርጉ እያልኩ የምቆጣውን ማለት ነው። እሷ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። “ከዛሬ ወዲያ አንዲት ጠብታ ካየሽ ስሜን ቀይሪው” አልኳት።

አልፈሰሰም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። ካርቶኑን አነሣችው። ለጎረቤት ሁሉ ሲሚንቶውን እያሳየች “ወንድሜ ነው ያሸገው” ትል ነበር።

የተረፈው ሲሊኮን ግን ብሎኑ ሲጠብቅ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ነበር። እዚያ ደርቆ ተንጠለጠለ፤ እየቆየ ተቆራረጠና ዘይቱ ውስጥ ወደቀ። ከኮፓው ወለል ላይ ዘይቱን የሚስብ ቱቦ አለ፤ አፉ ላይ ወንፊት አለው። የጣት ጥፍር የሚያህሉ ግራጫ ቁራጮች ወንፊቱን ደፍነውታል። ሞተሩ ሆዱ ዘይት ሞልቶ ጉሮሮው ተዘግቶ ነው የሞተው። ዳገት ላይ ሲጨንቀው ምንም አልደረሰለትም።

ኮፓውን ስናወርድ ወንድምሽ ገንዳውን ከሥር ይዞ ነበር። ዘይቱ ወርዶ ሲሞላ ገንዳውን አየ፣ እኔን አየኝ። “አዩት አይደል?” አለኝ። “አየሁት” አልኩት። ሌላ ምንም አልለመነኝም፤ ለእህቴ ይጻፉላት እንኳ አላለኝም። ገንዳውን ይዞ ወጣ። እኔ በዚያ መሀል ቁራጮቹን በመፍቻ ጫፍ ለቅሜ ኪሴ ከተትኳቸው። የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው። ቤት ደርሼ ሱሪዬን ሳወልቅ መሬት ላይ ተበተኑ፣ ተንበርክኬ ለቀምኳቸው። ሌላውን ሞተር የገዛሁት መኪናው እንዲሠራ ብዬ አልነበረም። አሮጌው ላይ ሸራ ለመጣል ነበር።

የገዛሁት ሞተር በወሩ ማጨስ ጀመረ። ወንድምሽ ሲያልፍ ሰው መስኮት ይዘጋል። በግንቦት መጀመሪያ መጥቶ “አጎቴ፣ የራሳችንን እንሥራው” አለኝ። እምቢ የምልበት አልነበረኝም። ሁሉንም በተንነው። ኮሎው፣ ያ ሁሉንም የሚያሽከረክረው ወፍራም ብረት፣ በድርቀት ተፋፍቆ ነበር፤ ቶርኖ ቤት ወስደን አስላጥነው። ኮሎው የሚሽከረከርባቸውን ብሮንዚናዎች በአዲስ ቀየርን፣ ፋሻ የሚባሉትን የፒስተን ቀለበቶች ቀየርን፣ ወንፊቱን በናፍጣ አጠብን። ኮፓው የሚዘጋበት ቀን ደረሰ። ወረቀት ዘርግቼ መቀስ ያዝኩ። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። ያኔ መቀሱን አስቀምጬ ነገርኩት። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ የተናገርኩት፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ዞሩ።

ወንድምሽ ፊት ለፊቴ መጥቶ ከንፈሩን እንዳይ አድርጎ በዝግታ ተናገረኝ። “የዚያን ቀን አይቻለሁ። ገንዳውን ደጅ አስቀምጬ ስዞር ቁራጮቹን ኪስዎ ውስጥ ሲከቱ አይቻለሁ” አለኝ።

“ታዲያ ምነው ዝም አልክ? ሰው ሁሉ አንተን ሲል?”

“እሷ የምትቆጣበት ሰው ያስፈልጋታል። እኔ ወንድሟ ነኝ፣ ቁጣዋ ሲበርድ ትመለስልኛለች። በእርስዎ ላይ ከጨከነች ግን አትመለስም። እርስዎ ደግሞ ከእኛ በቀር ማን አለዎት?” አለኝ። ከዚያ “ደግሞ ዳገቱ ላይ የዘይቱ መብራት በርቶ ነበር፤ ዘይቱን ጠዋት ስላየሁት መብራቱ ነው የተበላሸው ብዬ ነዳሁ” ብሎ ጨመረልኝ። ለእኔም ትንሽ ሊያቀልልኝ ነው። መቀሱን አነሣና ወረቀቱን እሱ ቆረጠው። በልኩ ነው የቆረጠው።

ሞተሩ ግንቦት 29 ተነሳ። እኔ ድምፁን የምሰማው እጄን አናቱ ላይ ጭኜ ነው። ደህና ነው።

ለዘመዱም ለጎረቤቱም በየቤታቸው እየዞርኩ ነግሬያለሁ። አንዳንዱ “የእግዜር ሥራ ነው” አለኝ፣ አንዳንዱ ወንበር አልሰጠኝም። ሁለቱም ያው ሆነብኝ። አሁን የቀረሽው አንቺ ነሽ። በእኔ ላይ የፈለግሽውን ፍረጂ። ለእሱ ግን ጻፊለት።

አጎትሽ


ሰኔ 27 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎ።

ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት፣ የልብስ ማጠቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ከዚያ ተመልሼ ገባሁና እስከ መውጫ ሰዓት አንሶላ አጠፍኩ። አንድም አላበላሸሁም።

እርስዎን መጥላት ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ይቅር ማለትም ሞከርኩ፤ እሱም አልመጣልኝም። እናቴ ስታሳየው የነበረውን ንጹሕ ሲሚንቶ ብቻ ነው የማስበው። የመጣልኝ ቀን እጽፍልዎታለሁ። እስከዚያው ግን የተውኩዎት እንዳይመስልዎ፤ የእናቴ ወንድም ነዎት።

አሁን የእኔን ይስሙ። ወንድሜ ለእርስዎ ያልነገረዎት ሌላ ነገር አለ፤ ነግሮዎት ቢሆን ይጽፉልኝ ነበር።

ኅዳር 14 ቀን ዳገቱ ላይ ቆመው ሳለ ሦስት ጊዜ ደወለልኝ። እናታችን “ድምጿን አሰማኝ” ስላለችው ነው። ይህን የነገረኝ ከቀብር በኋላ፣ በኅዳር መጨረሻ ነው። እኔም ስልኬ የሠራተኞች ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር፣ አልሰማሁም አልኩት። “አይዞሽ፣ ሥራ ላይ ነበርሽ” አለኝ። ከዚያ በሳምንቱ ነው ያንን ደብዳቤ የጻፍኩለት።

ስልኩ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ስሙን ሦስቴም አይቻለሁ። ቀን ቀን ሲደውል ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ፈልጎ ነው፤ ማታ አናግረዋለሁ አልኩ። ሁለቱን ዝም ብዬ አሳለፍኩ። ሦስተኛውን፣ አንሶላው እጄ ላይ ስለነበር፣ በአውራ ጣቴ ዘጋሁበት።

ትላንት አብራኝ የምታጥፈዋን ሴት ስልክ ተውሼ ወደ ራሴ ደወልኩና እንደዚያ ቀን ዘጋሁት። ያልተነሳ ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ነው የሚያበቃው። የተዘጋ ስልክ መሀል ላይ ቁርጥ ይላል። በሌላው ጆሮ በግልጽ ይታወቃል። ስለዚህ ወንድሜ “አይዞሽ” ሲለኝ ሳጥን የሚባል ነገር እንዳልነበረ ያውቅ ነበር። ገዳይ ነህ ብዬ ስጽፍለትም ያውቅ ነበር።

ስልኩን ስመልስላት ሴትየዋ ምን ሆነሻል አለችኝ። እናቴ ሞተች አልኳት። መቼ አለችኝ፤ ኅዳር አልኳት። አንሶላውን አስቀመጠች።

ቁጥሩን አውጥቼ እይዛለሁ፣ ጣቴ አይጫነውም። ከምን እንደምጀምር አላውቅም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እርስዎ ያንብቡለት፤ ጮክ ብለው፣ አንዱንም ሳይዘሉ። ከዚያ ይደውልልኝ ይበሉት። ሦስቴ አያስፈልግም፣ አንዴ ይደውል። ሥራ ላይም ብሆን አነሣለሁ።

የእህትዎ ልጅ፣ የእሱም እህት